እስከ ጃንዋሪ ሰባት የሚቆይ አለርጂ

ቅቤ መናጥ ትምህርት መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ለታንክስጊቪንግ፣ ለፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ አንድ ቀን ሲቀረው አስተማሪዋ ሃያ ሁለቱን የአንደኛ ክፍል ልጆች ምንጣፍ ላይ በክብ አስቀመጠችና፣ የሕፃን ምግብ የነበረባቸው ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ክሬም እየሞላች አደለቻቸው። «ናጡ» አለች። ናጡ። ግድግዳው ላይ መዳፋቸውን ወረቀት ላይ አሳርፈው፣ ዙሪያውን በእርሳስ ተከትለው የሠሯቸው የበዓሉ ዶሮ፣ የተርኪ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ አውራ ጣት ራስ፣ አራቱ ጣት ላባ። እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በዲቪ አሜሪካ ገብቼ፣ ሥራዬ የብልቃጥ ክዳን ጠብቆ መታሰሩን እየዞሩ ማየት ነበር።

ዘመኑ በፈረንጅ ዘጠና ስድስት ነው። አገሩን ከረገጥኩ ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ በፊት ሴቨን ኮርነርስ አንድ ጫማ መሸጫ ሦስት ወር፣ ግሪንቤልት የአረጋውያን ቤት ሁለት ወር ሠርቻለሁ። ጫማ መሸጫውን የተውኩት አለቃዬ ስላልጣመኝ ነው። የአረጋውያኑን ቤት ለምን እንደተውኩ አሁንም አላውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ አብሬያት የምኖረው አክስቴ «አንቺ ልጅ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ» ትል ነበር። ትምህርት ቤቱ አሲስታንት አድርጎ የቀጠረኝ አማርኛ ስለማውቅ ነው። አማርኛው ያስፈለገው ደግሞ ለአንዲት ልጅ ነው። ለእሷ ስል በየቀኑ ሜትሮ ቀያይሬ፣ ኪንግ ስትሪት ወርጄ፣ ከዚያ አውቶቡስ እይዝ ነበር።

ልጅቷ ከእናትና ከአባቷ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣችው መስከረም ላይ ነው። ክፍል ውስጥ አትናገርም። ሲጠሯት ዞር ትላለች፤ ሲጠይቋት ታያለች፤ በቃ። የምትናገረው ከእኔ ጋር ብቻ ነው፣ በሹክሹክታ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ስህተቴን ልትነግረኝ። «ቲቸር፣ ያንን መቀስ በተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ከተትሽው።» እውነቷን ነው፤ ከትቼዋለሁ።

አስተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሃያ ዓመት ያስተማረች፣ ለየበዓሉ ለየብቻ ሹራብ ያላት ሴት ነበረች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፎልደር አላት፤ ልጁ የሠራው ወረቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ኅዳር መግቢያ ላይ የልጅቷን ፎልደር ከፍታ አሳየችኝ። ባዶ አይደለም፤ ከባዶ ግን ብዙም አይርቅም።

«እስከ ዲሴምበሩ እረፍት የማሳየው ነገር ካላገኘሁ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ወደ ኪንደርጋርተን ብትወርድ ይሻላል» አለችኝ። «ለራሷ ብዬ ነው።»

ይህንን ለልጅቷ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም። ነገር ግን እኔ የሰማሁትን የመናገር ችግር አለብኝ። ኪንደርጋርተን፣ ከአንደኛ ክፍል በታች ያለው የሕፃናት ክፍል፣ በኮሪደሩ ማዶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መብራት አጥፍተው ልጆቹን ፍራሽ ላይ ያስተኟቸዋል። ልጅቷ በበሩ መስኮት አይታቸዋለች።

«እንደነሱ ያስተኙኛል?»

«ያስተኙሻል።»

«በቀን?»

«በቀን።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ለእኔም አልተናገረችኝም።

ወደ ቅቤው ልመለስ። ልጅቷ ብልቃጡን እንደ መጫወቻ አልያዘችውም፤ እንደ ሥራ ነው የያዘችው። ሌሎቹ ደክሟቸው ለጎረቤት ሲያቀብሉ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትንጣለች። ቅቤው ቀድሞ የወጣው ከእሷ ብልቃጥ ነው። አስተማሪዋ በደስታ ፊቷ ቀላ፤ ቅቤውን ክራከር በሚሉት ደረቅ ብስኩት ላይ ቀብታ ለናጠችው ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ክራከሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረገችው።

«ጾም ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ሰባት ዓመት ሞልቶኛል።»

የገና ጾም ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። በዚያው ወር ሰባት ዓመቷን ደፍናለች፤ ሰባት የሞላው ልጅ እንደሚጾም ከአባቷ ሰምታለች። አባቷ የነገራት እንዲሁ ለወሬ ነው። እሷ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው።

«ምን አለች?» አለች አስተማሪዋ።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። በእኛ ሃይማኖት ከገና በፊት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበላም፣ ሌላው ሁሉ ይበላል፣ ልጅቷ አልተራበችም ማለት። እንግሊዝኛዬም ለዚህ አያንስም ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ጾም ስትያቸው ጭራሽ እህል አለመቅመስ ነው የሚመስላቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድ ወሬ ነበር፦ እዚህ አገር ልጅ ተራበ ከተባለ መንግሥት መጥቶ ይወስደዋል። ማን ተወሰደበት ብትይ ስም የሚጠራልሽ የለም፤ ሁሉም ግን ከሁነኛ ሰው ነው የሰማው። እኔ ከአክስቴ ሰምቻለሁ፤ አክስቴ ግሮሰሪ ሰምታለች።

«አለርጂ አለባት» አልኩ።

አስተማሪዋ ክራከሩን ከልጅቷ ፊት ያነሳችበት ፍጥነት ዛሬም ይታየኛል።

ከታንክስጊቪንግ እረፍት ስንመለስ ነርሷ ፎርም ላከች። ቤተሰብ ይሙላው ይላል፤ እኔ ሞላሁት። ምን ምን አይስማማትም? ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ዶሮ፣ ሥጋ። ስትበላ ምን ትሆናለች? ይህንን ብዙ አሰብኩበት። «ይከፋታል» ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙ እስከ መቼ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን ከእውነት ብዙ ላለመራቅ ብዬ ከታች «እስከ ጃንዋሪ 7» የሚል ጨመርኩበት።

አባቷ የሆቴል መንገደኞችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን ነው የሚነዳው። እናቷ ሁለት ሥራ ስለነበራት ልጅቷን የሚያመጣውም የሚወስደውም እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ፎርሙን በመስኮት አቀበልኩት።

«ምንድነው እህቴ?»

«የምግብ ጉዳይ ነው ጋሼ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ። «ምሳ በነፃ ነው አይደል?»

«ነፃ ነው።»

«ተባረኪ» ብሎ ሄደ።

ፎርሙ የት ሊያደርሰን እንደሚችል ያላሰብኩት፣ የአሜሪካ ዲሴምበር ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው። እኔ ትምህርት ሲባል ጥቁር ሰሌዳ ነው የሚታየኝ። አስተማሪዋ ግን የዲሴምበርን ትምህርት በሙሉ የምታስተምረው በሚበላ ነገር ነበር። መደመር ማርሽማሎ በሚሉት ለስላሳ ከረሜላ። መቀነስ ደግሞ እየበሉ፤ አምስት ነበረህ፣ ሁለት በላህ፣ ስንት ቀረህ። ቅርጾችን በባዶ የወተት ካርቶን ላይ ብስኩት በክሬም እያጣበቁ፣ ቤት እየሠሩ። ርዝመት በከረሜላ ከዘራ እየለኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «መጀመሪያ ይህን አደረግሁ፣ ቀጥሎ ይህን በላሁ» ተብሎ ይጻፋል፣ ወረቀቱ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ያልበላ አይጽፍም።

ማርሽማሎ ከከብት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ነገር እንደሚሠራ ነርሷ ፓኬቱን አንብባ ነገረችኝ። ያንንም ከለከሉ።

ልጅቷን ነርሷ ራሷ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ አስቀመጠቻት። ጠረጴዛው ላይ የላምና የእንቁላል ሥዕል በቀይ መስመር ተሰርዞ ተለጥፏል። እዚያ ቀድሞ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱ የእውነት አለርጂ ነው ያለበት፣ ለውዝ የነካው ነገር ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋበት። ነርሷ ዘንድ መሳቢያ ውስጥ መርፌ ተቀምጦለታል። ፎርሙ ከደረሳት በኋላ ነርሷ በልጅቷ ስም ሌላ መሳቢያ አዘጋጀች። ለሁለቱ የምናቀርበው የተቆራረጠ ፖም ነው።

ልጅቷ ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«እሱም ይጾማል?»

ክሬም እያቦካሁ ነበር፤ ጊዜ አልነበረኝም። «አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፖሟን መብላት የምትጀምረው እሱ ከጀመረ በኋላ ሆነ። ወንበር ትስብለታለች። ኮሪደር ላይ ስታልፈው አንገቷን ሰበር ታደርግለታለች። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አፍንጫው ዝርክርክ ነው፣ ለምን እንደዚያ እንደምትሆን አልገባውም፤ ግን አልጠላውም።

እኔን ግን አላከበረችኝም። አንድ ቀን ካፍቴሪያ ሆት ዶግ ስበላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ቲቸር፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«ታዲያ?»

ሆት ዶጉን ጨረስኩት። ግን አልጣመኝም።

ከሁሉ ትልቁ ሥራ የዝንጅብል ብስኩቱ ነበር። በሰው ቅርጽ የተጋገረ፣ ዓይንና ቁልፍ ያለው ብስኩት ነው። ሁሉም ልጅ አንድ አንድ ይሰጠዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነክስ ይነገረዋል፤ ከዚያ የነከሰው ራሱን ነው፣ እጁን ነው ወይስ እግሩን ተብሎ ግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ወረቀት ቡናማ ምልክት ይለጥፋል። ይህ ግራፍ ይባላል። ሃያ ልጆች ነከሱ፣ ሃያ ልጆች ለጠፉ። ራስ አሸነፈ። ልጅቷና ጓደኛዋ ከመስኮቱ ሥር ፖም እያላመጡ አዩ። ልጅቷ ዓይኗን ከልጆቹ አፍ ላይ ለአፍታም አልነቀለችም። የጾመኛ ነገር ነው፤ ሌላው ሲበላ ማየት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ለእረፍቱ ሁለት ቀን ሲቀር አስተማሪዋ ፎልደሩን እንደገና ከፈተችልኝ። ከኅዳር ወዲህ የገባ ወረቀት አንድም የለም። አለመኖሩ ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ለእሷ በሽታ ነው። «ጥፋት አይደለም» አለች። «ግን ከምን ተነስቼ ትቅር ልበል? ኪንደርጋርተን ትሂድ። ነገ ከትምህርት በኋላ አባቷን እንጥራ፤ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።»

በማግሥቱ አምስት ሰዎች የሕፃን ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ድረስ መጥቶ ተቀመጥን፦ ዳይሬክተሯ፣ አስተማሪዋ፣ ነርሷ፣ አባትየውና እኔ። ልጅቷ በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛዋ ላይ ቀለም ትቀባለች። እኔ መሐል ነኝ። የሚባለው ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ብፈልግ ወደዚያም ወደዚህም እንዲያልፍ የማልፈልገውን ሁሉ ማስቀረት እችል ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩትም ያንን ነው።

ነርሷ ጀመረች። አለርጂው ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን፣ ልጅቷን ሐኪም ማየት እንዳለበት፣ ቤት ውስጥም መርፌ መኖር እንዳለበት ተናገረች። አባትየው እኔን አየኝ።

«ምን ትላለች?»

«ስለ ምግብ ነው» አልኩ።

«ስለ ምግብ ምን?»

አለርጂ የሚለው ቃል ግን ተርጓሚ አይፈልግም። ሰምቶታል።

«አለርጂ ብላለች። የማን አለርጂ?»

«የልጅቷ።»

«የኔ ልጅ?» ሳቀ። «ይቺ ልጅ እንኳን ቅቤ ድንጋይ ብትበላ ምን ትሆናለች? አሁን ጾም ብላ ነው እንጂ! እኔ ራሴ አልጾምም፣ እናቷ በሥራ ብዛት ትታዋለች፣ እሷ ማታ ማታ ሁለታችንን እየገላመጠች ሽሮ ትበላለች።»

ሦስቱም ሴቶች ምን እንዳሳቀው ሊነገራቸው እኔን ይጠብቃሉ። ልጅቷ ቀለም መቀባቷን አቁማለች። ኪንደርጋርተን የሚለውን ቃል እሷም ታውቀዋለች፤ ዛሬ የተሰበሰብነው ለእሱ መሆኑን ታውቃለች። በሐበሻ ዘንድ ለጾም የደረሰች ሰው ሆና ተቆጥራ፣ በእኔ ውሸት ምክንያት ፍራሽ ላይ ልትተኛ ነው።

ስለዚህ ተናገርኩ። አለርጂ የለባትም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ አባቷ ሳያነብ ነው የፈረመው፣ ጾም ነው፣ ጾም ማለት እንዲህና እንዲህ ነው፣ ጃንዋሪ ሰባት ያልቃል። መጨረሻው ላይ ነርሷ ፎርሙን አውጥታ የታችኛውን መስመር አነበበች።

«እኔ ይሄ የሐኪም ቀጠሮ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ እኔን ማየት ተወች። መብቷ ነው። መሳቢያ አዘጋጅታለች።

ዳይሬክተሯ የኔን ነገር በኋላ እንደምናየው ተናገረችና ወደ አስተማሪዋ ዞረች። የአስተማሪዋ ሹራብ ላይ ያለው የበረዶ ሰው አፍንጫ በእውነተኛ ክር የተሠራ ነው፤ እሱን ይዛ ታሻዋለች።

«ጾምም ሆነ አለርጂ፣ ወረቀቱ ያው ባዶ ነው» አለች።

ይህንንም ለአባትየው ተረጎምኩ። ሳቁ ጠፋ። «ልጄን ከሕፃናት ጋር ሊያስተኟት ነው?» አለ። ልጅቷ ብድግ አለች። ማንም አልጠራትም። መጥታ አጠገቤ ቆመችና የግድግዳውን ግራፍ አሳየችኝ።

«ቲቸር፣ ያ ተሳስቷል።»

«ምኑ?»

«አንዱ ትርፍ ነው። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። አስተማሪዋ በትዕግሥት ፈገግ ብላ ምልክቶቹን ቆጠረች። ዘጠኝ ራስ፣ ሰባት እግር፣ አምስት እጅ። ሃያ አንድ። የነከሱት ሃያ ናቸው። ግራፉ አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው ተለጥፎ ነበር፤ አስተማሪዋም እኔም አልቆጠርነውም።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ሄደች። የመጀመሪያውን ወንበር በጣቷ ነካ አደረገች።

«ሄድ» አለች፤ እዚያ የሚቀመጠው ልጅ የነከሰው የብስኩቱን ራስ ነው።

ሁለተኛውን። «ሄድ።» ሦስተኛውን። «ሌግ።» እግር። እንደዚያ እያለች ወንበር በወንበር፣ ረድፍ በረድፍ ሄደች። ድምፅዋን አስተማሪዋ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ጮክ ያለ ድምፅ ነበራት። ሃያውንም ጨረሰች፤ አንዷ ልጅ የብስኩቱን እጅ ነክሳ ስታበቃ በራስ በኩል መለጠፏን ሳይቀር ነገረችኝ። ከዚያ ወደ አንድ ወንበር ተመለሰች። የአንድ ወፍራም ልጅ ወንበር ነው።

«ቱ» አለች። «ሌግ፣ ሄድ። ቱ።» ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ጨመረች፦ «ሁለት ነው የበላው። ትርፍ የነበረውን። እሱ የኔ ነበር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ዳይሬክተሯ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ከሳጥን አንድ ነጭ ወረቀት አወጣች፤ ልጅቷ የነገረችንን ሁሉ ወንበር በወንበር ጻፈችው፤ ከላይ የልጅቷን ስምና ቀኑን አድርጋ ፎልደሩ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄዳ ከራሶቹ አንዱን ቡናማ ምልክት በጥፍሯ ላጠችው።

«እዚሁ ትቆያለች» አለች።

አባትየው ሲወጣ በር ላይ ያዝ አደረገኝ። «አንቺ ግን» አለ፣ «ቢያንስ የራስ ምታት ብትዪ ምን ነበረበት?» ብሎ ወደ ቫኑ ሮጠ።

የኔ ጉዳይ በወረቀት አለቀ። ከእንግዲህ የጤና ፎርም እንዳልነካ የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት አነበብኩት።

ጃንዋሪ ሰባት ማክሰኞ ዋለ። ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ከምሳ በኋላ ገባች፣ ነጭ ቀሚስዋን በወፍራም ጃኬት ሸፍና። ለፈረንጆቹ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ግድግዳው በፔንግዊን ተሞልቷል። አስተማሪዋ ግን ግራፉን አላነሳችውም ነበር። ከጠረጴዛዋ መሳቢያ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የዝንጅብል ሰው አወጣች። ከዲሴምበር ጀምሮ ያስቀመጠችው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው እንደ ሸክላ ተንኳኳ። ልጆቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። አስተማሪዋ ቡናማ ምልክት በጣቷ ይዛ ትጠብቃለች።

ልጅቷ በሁለት እጇ ያዘችውና በኃይል ነከሰች። ራሱን። ዘጠነኛ ራስ ሆኖ ተለጠፈ። አጨበጨቡላት።

ከዚያ እጁን በግድ ሰበረችና ወደ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ሄደች። ለጓደኛዋ ዘረጋችለት። እንዴት ያንን ሁሉ ወንበር ዘልዬ እንደደረስኩ አላውቅም፤ ብስኩቱን ከእጇ ነጠቅሁት።

«ምን ሆንሽ ቲቸር? ዛሬ እኮ ገና ነው። ይፍታ።»

ልጁ እጁን እንደዘረጋ ነው። ነርሷ በኮሪደሩ ስታልፍ በበሩ መስኮት ታየችኝ።

«አይጾምም» አልኳት። «መጀመሪያም አልጾመም። እሱ ነው አለርጂ ያለበት። ቢበላው ይታመማል።»

ልጅቷ ልጁን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዲሴምበር ጀምሮ ወንበር ስትስብለት፣ አንገቷን ስትሰብርለት የነበረ ሰው ነው።

«እኔንም ዋሸሽኝ?»

«ዋሸሁሽ።»

የተረፈውን የዝንጅብል ሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለልጁ ፖሙን ወደ እሱ አስጠጋችለት፣ አንድ ቁራጭ ለራሷ አነሳች፣ ወንበሯንም ሳበች። ያንን ጠረጴዛ ልትለቅ የምትችል መሆኗን ከእረፍት ስንመለስ ነግረናት ነበር፤ አልለቀቀችም።

«ኪንደርጋርተን መውረድ የነበረብሽ አንቺ ነሽ» አለችኝና ፖሟን ነከሰች።